የጤና ፈጠራ ደጋፊ ይፈልጋል
(በብር ኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)





እንድንናገር የተሰጠን ርዕስ በምሥራቅ አፍሪካ የጤና ፈጠራዎችን ስለሚደግፉ ድርጅቶች ነው። ርዕሱ የሐኪምና የመሐንዲስ ይመስላል። እኛ ደግሞ እዚህ ናይሮቢ ሱቅ ከፍተን የምንኖር ነጋዴዎች ነን። ቢሆንም ጉዳዩ ከእኛ ሥራ ብዙ አይርቅም።

ማቀዝቀዣ ያለው ባለሱቅ ሁሉ መብራት ሲጠፋ ጭንቀቱን ያውቀዋል። ወተት ሲበላሽ ይሸታል፤ እንጥለዋለን፤ ኪሳራውም የገንዘብ ብቻ ነው። ክትባት ግን ሙቀት ሲጎዳው አይሸትም፣ አይኮመጥጥም። አብዛኛው የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። መብራት ባልደረሰበት ጤና ኬላ ይህ ካልተቻለ እናት ልጇን አዝላ ሩቅ ትሄዳለች፤ ካልሆነም ሕፃኑ ሳይከተብ ይቀራል።

ኬንያዊቷ መሐንዲስ ኖራ ማጌሮ ለዚህ ችግር መላ ፈጠሩ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ 40 ሊትር የሚይዝና ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ «ቫክሲቦክስ» የተባለ ማቀዝቀዣ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዙ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ኢንጂነሪንግ ለአፍሪካ መሐንዲሶች የሚሰጠውን ሽልማት ከ25,000 ፓውንድ ጋር አገኙ። ይሁንና ከገንዘቡ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። አካዳሚው የመረጣቸውን ተወዳዳሪዎች ለስምንት ወራት ያሠለጥናል። የሥራ ዕቅድ፣ የዕቃ ዋጋ አወጣጥ፣ ደንበኛ ማግኛ መንገድ ይማራሉ። ይህ እኛ ባለሱቆች በየቀኑ የምንውልበት ሥራ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 ይህንኑ ሽልማት ያገኙት ዩጋንዳዊው ወጣት ብራያን ጊታ ናቸው። ደም ሳይቀዳ በጣት ላይ ብርሃን በማብራት ወባን የሚመረምር «ማቲባቡ» የተባለ መሣሪያ ይዘው ቀረቡ። ማቲባቡ በስዋሂሊ ሕክምና ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ግን ከአውደ ጥናት ወጥቶ በቀጥታ ገበያ አይገባም። በሕመምተኞች ላይ መሞከር፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ማግኘት፣ ከዚያም በብዛት መመረት አለበት። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። በነዚያ ዓመታት ፈጣሪውን የሚያቆየው ሰው ከሌለ ሐሳቡ መንገድ ላይ ይቀራል። እንደ ቪልግሮ አፍሪካ ያሉ፣ መቀመጫቸውን እዚሁ ናይሮቢ ያደረጉ ድርጅቶች ጀማሪ የጤና ድርጅቶችን በገንዘብና በምክር የሚደግፉት ለዚህ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አምሬፍ በ1957 በሦስት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ሲመሠረት፣ በአውሮፕላንና በሬዲዮ ሩቅ ሆስፒታሎችን ማገልገል የዘመኑ ፈጠራ ነበር። ዛሬ አምሬፍ አገራችንን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራል። በሩዋንዳ ደግሞ ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለው ኩባንያ በሰው አልባ አውሮፕላን ደም ለሆስፒታሎች ያደርሳል። አውሮፕላኑ ብቻውን ይህን አላደረገም። መንግሥት የአየር ክልሉን ፈቀደ፤ ደንበኛ ሆኖም ከፈለ።

በኮቪድ ጊዜ ክትባት ከውጭ ስንጠብቅ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በ2021 ያስቀመጠው ግብ፣ በ2040 አህጉሪቱ ከሚያስፈልጋት ክትባት 60 በመቶውን ራሷ እንድታመርት ነው። ይህን ማን ይሠራዋል? ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሯሯጡት ልጆች ያን ጊዜ ሙሉ ሰው ይሆናሉ።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የማኅበራችን የትምህርት ድጋፍ የሕክምና መሣሪያ ምህንድስና የሚማሩ ልጆችንም ያካትት። ሁለተኛ፣ በመካከላችን ያሉ ሐኪሞች፣ ሒሳብ አዋቂዎችና ነጋዴዎች በየሦስት ወሩ ተሰብስበው፣ ሐሳብ ያለውን ወጣት ይስሙት፤ ይምከሩት። ሦስተኛ፣ ልጅ «መሣሪያ መሥራት እፈልጋለሁ» ሲል «ይልቅ ሐኪም ሁን» እያልን አንመልሰው። ሐኪሙም ያለ መሣሪያ እጁ ባዶ ነው።

በእድርና በእቁብ የኖርን ሰዎች ስለ መደጋገፍ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እስከ ዛሬ ለሐዘንና ለደስታ ስናዋጣ ቆይተናል። ከእንግዲህ ልጆቻችን ለሚያስቡትም እናዋጣ።