ያለ ማቋረጥ የሚጣራ ሕዋስ፤ በዕጢ ውስጥ ስለሚበዙ የደም ሥሮች



የከተማ የውሃ መሥመር የሚዘረጋው በፕላን ነው። በሰው አካል ውስጥ ግን አዳዲስ የደም ሥሮች በአብዛኛው የሚበቅሉት ኦክስጅን ያነሰው ሕዋስ ሲጣራ ነው። ጥሪው ሳይቋረጥ ሲቀር የሚደርሰውን አጉልቶ የሚያሳየው ፎን ሂፕል-ሊንዳው የተባለው፥ እምብዛም የማያጋጥም የዘር በሽታ ነው።

ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኦይገን ፎን ሂፕል እ.ኤ.አ. በ1904 በዓይን ውስጥ ያየውን የደም ሥር ዕጢ ገለጠ፤ ስዊድናዊው አርቪድ ሊንዳውም በ1926 ይኸው ከአንጎል ዕጢ ጋር እንደሚዛመድ አስረዳ። በሽታው ከ36,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም እኩሌታ ነው። የዓይኑና የአንጎሉ ዕጢ ካንሰር ባይሆንም ዓይን ሊያጠፋ፥ አካልንም ሊያሰናክል ይችላል። በኩላሊት የሚነሣው ግን ካንሰር ነው።

በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ዘወትር ይሠራል፥ ዘወትርም ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲበቃ በሂፍ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ቪ.ኤች.ኤል የተባለው ፕሮቲንም ምልክቱን ለይቶ ለመፍረስ ይዳርገዋል። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክቱ ይቀራል፤ ሂፍ ይጠራቀምና የደም ሥር የሚያበቅለውን ንጥረ ነገር ያዛል። እየሠሩ ማፍረስ ለመሐንዲስ ዓይን ብክነት ይመስላል፤ ሆኖም በችግር ጊዜ መልሱ የሚፈጥነው በዚሁ ነው። ኬሊን፥ ራትክሊፍና ሰሜንዛ የ2019ን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሕዋስ ኦክስጅንን የሚለካበትን ይህን ዘዴ ስለ ገለጡ ነበር።

በ1993 እንደ ታወቀው፥ በሕሙማኑ ላይ የተበላሸው የቪ.ኤች.ኤል ጂን ነው። ከሌላው ወላጅ የተገኘው ደኅናው ቅጂ በአንድ ሕዋስ ውስጥ በተበላሸ ጊዜ፥ ሕዋሱ ኦክስጅን ሞልቶለት ሳለ እንደ ታፈነ ይጣራል። በዕጢው የሚበቅሉት ሥሮች ብዙ ቢሆኑም ጠማሞችና የሚያፈስሱ ናቸው።

ለብዙ ዘመን ዋናው መፍትሔ ቢላዋ ነበር። የኩላሊቱ ዕጢ 3 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ተጠብቆ ይወጣል፤ ሌላ ይበቅላል፤ ሕመምተኛው ኩላሊቱን በጥቂት በጥቂቱ ያጣል። በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው ቤልዙቲፋን ግን ከሂፍ ወገን 2ኛውን ራሱን ያግዳል። ከተሞከረባቸው 61 ሕሙማን በ49 በመቶው የኩላሊቱ ዕጢ በጉልህ ቀንሷል። ቢላዋው ቀረ ማለት ግን ችኮላ ነው። ይኸው ሂፍ ለቀይ ደም ሕዋስ መመረትም ትእዛዝ ሰጪ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ደም ያንሳቸዋል። መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችልም ልጅ የምትሻ ሴት በምትወስድበት ወራት ሁሉ ከእርግዝና መከልከል ይኖርባታል።