የሕፃን ትንፋሽ ይቆጠራል

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትንፋሽ ነው። «ትንፋሽ ደግሞ ምን ይወራለታል? ማንም ሳይማረው የሚያደርገው ነገር ነው» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ተኝተን እንኳ አይቋረጥም። ነገር ግን የታመመ ሕፃን አፍ አውጥቶ ሊናገር የማይችለውን ትንፋሹ ይናገርለታልና፣ ጥቂት ጊዜ ሰጥታችሁ አድምጡን።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ነፋስ፣ ትንፋሽ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፤ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በሜዳ ሲነፍስ ነፋስ፣ ደረታችን ገብቶ ሲወጣ ትንፋሽ እንለዋለን። ያረገዘችውን ሴት ነፍሰ ጡር እንላታለን። ምስጢር የነገርነውን ሰው «እንዳትተነፍስ» ብለን እናስጠነቅቃለን። ሸክሙን አውርዶ እፎይ ያለውንም ሰው «አሁን ተነፈሰ» እንላለን። እንግዲህ በቋንቋችን ትንፋሽና ሕይወት ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሰውነታችንም እንደዚሁ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የአንጥረኛውን ወናፍ አስቡ። ወናፉ ሲከፈት ነፋስ ይስባል፣ ሲጫኑት ያስወጣል። በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድና የጎድን አጥንቶች ሲነሡ ደረት ይሰፋል፤ አየርም ይገባል። ጡንቻው ሲላላ ደረት ይጠባል፤ አየሩም ይወጣል። የሚገባው አየር በአፍንጫ ሲያልፍ ከአቧራ ይጣራል፣ ይሞቃልም፤ ከዚያ በአየር ቧንቧ ወርዶ ሁለቱ ሳንባዎች ይደርሳል። በሳንባ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ብዙ ሚሊዮን ከረጢቶች አሉ። እዚያ ደማችን ኦክሲጅን የተባለውን አየር ይቀበልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን የተቃጠለ አየር ያስረክባል። ጤነኛ ጎልማሳ ዐርፎ ሲቀመጥ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሕፃን ግን ከዚህ ይበልጣል።

የሳንባ ምች ሲይዝ እነዚያ ከረጢቶች መግልና ፈሳሽ ይሞላባቸዋል። አየር ቦታ ያጣል። ልጁም የጎደለበትን ለማሟላት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ስለዚህ ልጃችሁ ሲያስለው ወይም መተንፈስ ሲቸግረው ትንፋሹን ቁጠሩ። ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ፣ የሆዱንና የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው።

2 ወር ያልሞላው ሕፃን 60 ወይም ከዚያ በላይ፣
ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣
ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ፈጥኗል ማለት ነው።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። 2 ወር ያልሞላው ከሆነ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጡት አልጠባ ካለ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ሰዓት የሌላችሁም ብትሆኑ ትንፋሹ መፍጠኑን ካያችሁ ሂዱ።

ስሙ አያታልላችሁ። የሳንባ ምች ፀሐይ ወይም ሽታ አመጣው የምንለው ምች አይደለም፤ በተሕዋስያን የሚመጣ በሽታ ነው፤ ዳማከሴ አሽቶ ማሽተት አያድነውም። እንጥል ማስቆረጥም ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመጣል እንጂ ለሳንባ አንዳች አይረዳም። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ ልጁ ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ፤ የታዘዘውን ቀን ሙሉ ስጡት።

ከበሽታው በፊት የሚሠራም አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት ለሕፃናት ይሰጣል፤ ቀጠሮውን አታሳልፉ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ስጡ። እንጀራ ስትጋግሩ ሕፃኑን አዝላችሁ ጭስ ውስጥ አትቁሙ፤ አያቱ ወይም ትልቋ እኅቱ ከማድ ቤት ውጭ ትያዝላችሁ። አባቶችም ማድ ቤቱን ከመኝታ ለዩ፤ ጭስ መውጫ ክፈቱለት፤ እንጨቱን አስቀድማችሁ አድርቁ። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ዘግቶ መተኛት ደግሞ ቤተ ሰብ ይጨርሳል፤ ሽታ የሌለው መርዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛልና።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ በጤናው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ቁጠሩት። የጤናውን ትንፋሽ ያወቀች እናት የሕመሙን ቶሎ ትለያለች።