ባሕሩ በነፃ፣ ዓሣው በኪሎ

የዛሬው ዝግጅታችን በዱባይና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ነው፤ ደመወዙ እጃችሁ ሳይገባ ለአልጋ ኪራይ፣ ለስልክና ለሀገር ቤት ተከፋፍሎ ለሚያልቅባችሁ። የእረፍት ቀናችሁን ባሕር ዳርቻና ገበያ ውላችሁ፣ ጥሩ በልታችሁ፣ ኪሳችሁ ሳይራቆት እንዴት እንደምትመለሱ እናያለን።

የቤተሰብ ወጪ ሳማክር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው የወሩን ሂሳብ ሲይዝ ለእረፍት የሚሆን አይመድብም፤ «ከተረፈ» ይላል። አይተርፍም። ወር ሙሉ ታፍኖ ይቆይና አንድ ቀን ሲመረው ታክሲ ጠርቶ፣ ሞል ገብቶ፣ የሁለት ሳምንት አስቤዛ በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ይመጣል። ስለዚህ ገንዘቡን ወደ ቤት ከመላካችሁ በፊት ለእረፍት ቀን የምትሆነዋን ትንሽ ድርሃም ለይታችሁ አስቀምጡ። እናታችሁ አይቀየሙም።

በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ እረፍት ይሰጣችኋል። ይህ የአሠሪ ችሮታ ሳይሆን መብት ነው።

መጀመሪያ መጓጓዣ፤ ብሩን የሚበላው እሱ ነውና። ኖል የሚባለውን የሜትሮና የአውቶቡስ ካርድ ብር-ቀለሙን ከያዛችሁ በአንድ ቀጣና ውስጥ 3 ድርሃም፣ ሁለት ቀጣና ካቋረጣችሁ 5፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 7.50 ይቆርጣል። በሜትሮ ወርዳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ ከያዛችሁ እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጣቢያው በር ላይ ቆማችሁ ወሬ አታብዙ። የ20 ድርሃሙ የቀን ትኬት ደግሞ ለሁሉ አይጠቅምም። ሩቅ ሄዶ ለሚመለስ ደርሶ መልሱ 15 ድርሃም ነውና ትኬቱ የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ስትዘዋወሩ ብቻ ነው። ባቡር ውስጥ መብላትም መጠጣትም 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ የቋጠራችሁትን ምሳ ውጪ ፍቱት። ክሪክ የሚባለውን የባሕር ክንድ ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ ለመሻገር አብራ የሚባለው የእንጨት ጀልባ አለላችሁ፤ 1 ድርሃም። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ሽርሽር እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ገበያው። ዴራ ውስጥ ባሕሩን ተጠግቶ የተሠራው ዋተርፍሮንት ማርኬት እ.ኤ.አ. በ2017 የድሮውን የዓሣ ገበያ ተክቶ የተከፈተ ነው። ዓሣው በረዶ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፤ ሐሙር፣ ሻዕሪ፣ ሳፊ፣ ከነዓድ። ሁሉም ሰው ሐሙር ሐሙር ስለሚል ዋጋው ይንራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጥብስ ሻዕሪ አያሳፍርም። ልብ በሉ፣ ሻዕሪና ሳፊ በማርችና በኤፕሪል፣ በሚራቡበት ወቅት፣ እንዳይጠመዱ የሚታገዱበት ጊዜ አለ።

ስትገዙ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ሻጭ ጋ ዋጋ ጠይቃችሁ እለፉ፤ አንድ ዙር ዞራችሁ ተመለሱ። የዓሣውን ዓይን እዩት፤ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ ይሁን። የጎኑን ክዳን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ፤ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ወደ ቡናማ ካደላ ተዉት። ሥጋውን ጫን ስታደርጉት ተመልሶ ይነሣ። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ዓሣ የሚመዘነው ሳይጸዳ ነው። ጭንቅላት፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ለሚያጸዳው ሰው ስትሰጡ «ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣል» በሉት፤ ገንዘብ ከፍላችሁበታል፣ ማታ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ድንቅ ሾርባ ይወጣዋል። ጽዳቱ የራሱ ቦታ አለው፣ በኪሎ ትንሽ ያስከፍላል። እዚያው የሚጠብሱላችሁ ቤቶችም አሉ።

እንጀራውንና አዋዜውን አስቀድማችሁ ከፍሪጅ ሙራር ሰፈር ገዝታችሁ ከሆነ፣ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አንድ ትልቅ ዓሣ አስጠብሳችሁ ባሕሩ ዳር ኮርኒሹ ላይ መብላት ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ።

መዋኘት የምትፈልጉ፣ ጁሜራ፣ ካይት ቢችና ኡም ሱቀይም ያሉት የሕዝብ ዳርቻዎች መግቢያ አያስከፍሉም። ገንዘብ የሚወጣው ለጥላና ለወንበር ኪራይ ነው፤ ምንጣፍና ውሃ ከቤት ያዙ። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፣ ዋና አናውቅምና አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ አንዳንዴ በጠባብ መስመር ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ያ መስመር ሞገዱ ዝቅ ያለበት፣ ጸጥ ያለ ስለሚመስል ሰው የሚመርጠው እሱኑ ነው። ይዟችሁ ከሄደ ወደ ዳር እየታገላችሁ አትድከሙ፤ ከዳሩ ጎን ለጎን እየቀዘፋችሁ ከመስመሩ ውጡ። ዋና የማትችሉ ከወገባችሁ አትለፉ፤ ከነፍስ አድን ሠራተኛው ማማ ፊት ለፊት ሁኑ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ጭራሽ አትግቡ። ስልካችሁን ስታነሡም ከኋላችሁ ያለውን እዩ፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት በምትኖሩበት አገር በሕግ ያስጠይቃል።

በጋው ሲከር የቀኑን ዳርቻ እርሱት። መንግሥት ራሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ የጉልበት ሠራተኛ የተከለከለበትን ሰዓት እናንተ ለመዝናኛ አትምረጡት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጁሜራ 2፣ ጁሜራ 3 እና ኡም ሱቀይም 1 ላይ በመብራት የሚዋኝባቸው የሌሊት ዳርቻዎች ተከፍተዋል። ስትወጡ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት አረጋግጡ፤ ሜትሮው እሑድ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፣ ዓርብ 7 ሰዓት ድረስ ይቆያል። ካመለጣችሁ ቀኑን ሙሉ የቆጠባችሁትን ባለታክሲው ይወስደዋል።