ወጣቶችን ከጉባኤና ከምርጫ ስለ ማስገባት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ልጆቻችሁ ነው፤ የምለምነው ግን እናንተን ነው።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በታወጀ ጊዜ፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ፥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በመኳንንትና በአገር ሹማምንት ይመረጡ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ሲወጣ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገውም ምርጫ፥ አስቀድሞ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ከዚያም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38፥ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ወንድም ሴትም ቢሆን፥ በምስጢር ድምፁን ይሰጥ ዘንድ መብት ሰጠው፤ በአንቀጽ 50ም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ።

እንግዲህ ሕግ በሩን ከከፈተ፥ ወጣቱ ስለ ምን ከደጅ ቆሞ ይቀራል? ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ አድጓልና ነው። ይህ ምክር ሐሜትንና ከንቱ ወሬን ለመከልከል መልካም ነው። ስለ ምንጩ፥ ስለ መንገዱና ስለ ትምህርት ቤቱ በሚመከርበት ቀን ግን ዝምታ ትሕትና አይባልም። ምንጩ ሲደርቅ እንስራ አዝላ ርቃ የምትሄደው ልጃገረድ ናት፤ ድልድዩ ሲፈርስ ጎርፉን የሚሻገረው ተማሪ ነው። እነርሱ ሳይጠየቁ ነገሩ ቢቆረጥ ጉዳቱ የመንደሩ ሁሉ ነው። አባቶቻችን በአውጫጭኝ ጊዜ የአገሩን ሰው ይሰበስቡ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። ወንጀለኛን ለማውጣት ይህን ያህል ከተሰበሰበ፥ ለልማት መምከርማ እንዴት ይበልጥ አይገባም!

እናንተ መምህራን፥ የክፍሉን አለቃ ራሳችሁ አትሹሙ። ተማሪዎቹ በወረቀት ስም ጽፈው፥ አጥፈው ይስጡ፤ ወረቀቱም በሁሉ ፊት ይቆጠር፤ የተሸነፈውም የተመረጠውን ማክበር ይልመድ። ደግሞም 18 ዓመት መሙላት ብቻውን እንደማይበቃ ንገሯቸው። በመራጮች መዝገብ አስቀድሞ ያልተመዘገበ ድምፅ አይሰጥም፤ የእንደራሴዎቹም ዘመን አምስት ዓመት ስለ ሆነ፥ የምዝገባው ቀን ያለፈበት ወጣት ብዙ ይጠብቃል።

እናንተ ሽማግሌዎች፥ መጻፍና ማስላት የሚችለውን ወጣት፥ ሴት ልጅም ብትሆን፥ ለእድሩ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ አድርጋችሁ ምረጡ፤ ሒሳቡንም በጉባኤ ያንብብ። ምክር በሚደረግበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ታናሹ ይጠየቅ፤ ታላቁ ከፈረደ በኋላ ታናሹ አፉን ለመክፈት ያፍራልና። ለማን ድምፅ እንዲሰጥ ግን አትዘዙት። ሕጉ ድምፁን ምስጢር ያደረገው፥ ባለሥልጣንንም ጎረቤትንም አባቱንም ሳይፈራ እንዲመርጥ ነው።

በሚመጣው ስብሰባ ከመካከላችሁ ለወጣቶች ስፍራ ልቀቁላቸው። ሲሳሳቱ በትዕግሥት አርሟቸው፤ ነገ ይህን አገር የሚረከቡ እነርሱ ናቸውና፥ የምክሩን ሥርዓት እናንተ በሕይወት ሳላችሁ ከእናንተ ይማሩት።