ያለቀ ሥራ መዝገብ



በአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተጀመረው «ስለርም»፣ በተሳሰሩ ኮምፒውተሮች ላይ ለሚካሄድ ሥራ ሁሉ ተራና ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ሥራው ሳያልቅ ዝርዝሩን ለጠየቀ ሰው «ኤስኮንትሮል» የተባለው ትእዛዝ ይመልስለታል። ካበቃ በኋላ ግን፣ የተለመደው ወሰን ካልተለወጠ በቀር፣ ተቆጣጣሪው ዝርዝሩን የሚያቆየው ለ300 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ሌሊት የተቋረጠውን ሥራ ጧት የሚመረምር ሰው መልስ የሚያገኘው ቋሚ መዝገብ አስቀድሞ ተደራጅቶ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ «ኤስአክት» የተባለው ትእዛዝ ሥራው የቆመው ማኅደረ ትውስታ አንሶት፣ የተፈቀደለት ጊዜ አልፎበት ወይም ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት እንደ ሆነ ይለያል። መዝገብ ከሌለ የመሣሪያው ጉድለት በሰው ይላከካል። ስለዚህ ቁጥሩን መያዝ የተመራማሪው፣ መዝገቡን ማደራጀት የባለሙያው ግዴታ ነው።