አረፉ ወይስ አረፍ አሉ?

በደሴና በኮምቦልቻ፣ በከተማም በገጠርም የምትገኙ ሁሉ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቀረብ በሉ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ተጀመረ። ያኔም ሆነ ዛሬ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው አንዱ ትልቅ ደስታው ደብዳቤውን ሌላ ሰው ሳያስጽፍ በገዛ እጁ መጻፉ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሰው እርሳስ ሲይዝ በአፉ የሚናገረውን ቃል ይሸሻል። «ይህ የቤት ንግግር ነው፤ ለወረቀት አይሆንም» ይላል። ይህ አስተሳሰብ ጉዳት አለው። እንዴት? እንመልከት።

አንዲት እኅት ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚሠራ ታላቅ ወንድሟ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦

«ወንድም ጋሼ፣ አባታችን ከሐኪም ቤት ተመልሰው ማታ አረፉ።»

እሷ ልትል የፈለገችው አባታቸው ጋደም ብለው ድካማቸውን ተወጡ ነው። ወንድሟ ግን ይህን ሲያነብ ምን ያደርጋል? ሥራውን ጥሎ፣ እያለቀሰ ሐረጎን ሽቅብ ይወጣል! ለምን ቢሉ፣ ስለ ታመመ ሰው «አረፉ» ሲባል ሞቱ ማለት ነውና።

በቃል ብትነግረው ኖሮ «አረፍ አሉ» ትለው ነበር። እንዲሁ ብትጽፈው ነገሩ ሁሉ በሰላም ባለፈ። በንግግር ጊዜ ፊትና ድምፅ ያግዙናል። በወረቀት ላይ ግን ያለው ቃሉ ብቻ ነው። በእጅ ስልክ የሚላክ መልእክትም እንደዚሁ ነው።

አሁን አጻጻፉን እንማር። በፊደል ገበታ ላይ «ፈ» ግዕዝ ነው፤ ስድስተኛው «ፍ» ደግሞ ሳድስ ነው። «አረፈ» ከሚለው ቃል መጨረሻ «ፈ»ን ወደ «ፍ» እንለውጣለን። ከዚያ ቦታ ትተን «አለ» እንጽፋለን፦ አረፍ አለ። እዚህ ላይ «አለ» ተናገረ ማለት አይደለም፤ ነገሩ ጥቂት ወይም ለአጭር ጊዜ መሆኑን ያሳያል። «አረፍ» ሳይለወጥ ይቀመጣል፤ የሚለወጠው ሁለተኛው ቃል ነው፦ አረፍ አልኩ፣ አረፍ አለች፣ አረፍ ብለዋል፣ አረፍ በሉ።

ሌላ ምሳሌ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። «ኮምቦልቻ ወርዷል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ሰውየው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። «ኮምቦልቻ ወረድ ብሏል» ብትሉ ግን ለአጭር ጉዳይ ሄዷል፣ ብዙም አይቆይም ማለት ነው። ሊጠይቀው የመጣ እንግዳ ይጠብቀው ወይስ ይመለስ? ይህን የምትነግረው ያቺ ትንሽ ቃል ናት።

ግሥ ሁሉ በዚህ መንገድ አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። በአፋችሁ እንደምትሉት ከሆነ ደህና ነው፤ ጆሯችሁን ከቆረቆረው አስተካክሉት።

የዛሬው ልምምድ ይህ ነው። ቀረበ፣ ራቀ፣ ከበደ ከሚሉት ቃላት «አለ» ያለበት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንዱን ገና ሲጀመር ሰምታችሁታል፤ «ቀረብ በሉ» ብለናችሁ ነበር።