ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዘው ፕሮቲንና የነቀርሳ መስፋፋት



መሐንዲስ የአንድን ሕንፃ መፍረስ ሲመረምር አስቀድሞ የሚያየው ማያያዣውን ነው። የጉራጌ ቤት ሠሪም ይህን ያውቃል፤ እንጨቱ ምንም ጠንካራ ቢሆን ማሰሪያው ከላላ ጣሪያው ይዘምማል። በሰው አካልም የጡትና የጨጓራ ሕዋሳት ተያይዘው እንዲቆሙ ከሚያደርጉት መካከል ዋነኛው ኢ-ካድሄሪን የተባለው ፕሮቲን ነው። የካድሄሪንን ወገን ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለይተው አውጥተውታል። ፕሮቲኑ የሕዋሱን ሽፋን አቋርጦ ያልፋል፤ የውጭ ጫፉ በካልሲየም እየጠነከረ የጎረቤቱን ሕዋስ መሰል ጫፍ ይይዛል፤ የውስጥ ጅራቱም ካቴኒን በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ከሕዋሱ ውስጣዊ መዋቅር ጋር ይተሳሰራል።

የዚህ ፕሮቲን ጂን ሲበላሽ ማሰሪያው ይፈታል። በ1998 በኒው ዚላንድ በአንድ የማኦሪ ቤተሰብ ውስጥ ሲወራረስ የኖረው የጨጓራ ነቀርሳ መንስኤ የዚሁ ጂን ጉድለት ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አይደለም፤ በ2019 በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር፣ ኢ-ካድሄሪን የተነሣቸው አንዳንድ የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት በአካባቢያቸው ይበልጥ ቢሰርጉም፣ በጉዞው ላይ ብዙዎቹ እንደሚሞቱ ታይቷል።

ሎቡላር የሚባለው የጡት ነቀርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለዚህ ፕሮቲን ያድጋል። ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሥጋው መካከል ስለሚሰርጉ፣ በእጅ የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት ላይፈጥሩ ይችላሉ።

በቡታጅራ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1980ዎቹ አጋማሽ በጀመረው የጤና ጥናት ልደትና ሞት ከቤት ቤት ተመዝግቧል። መዝገቡ ማን እንደ ሞተ ይናገራል እንጂ የሕዋሱን ዐይነት አይናገርም። የጡት ነቀርሳ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከሁሉም ነቀርሳ የበዛው ነው። ጡቷ የጠጠረባት ወይም የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ የገባባት ሴት «እብጠት የለሽም» ተብላ ብትመለስ፣ የሚጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ ሎቡላሩ ብዙውን ጊዜ ለሆርሞን ተቀባይ በመሆኑ፣ በአፍ የሚዋጠው ታሞክሲፈን ይጠቅማታልና።

ዐይነቱን ለመለየት ከጡቱ የተቆረጠው ሥጋ ኢ-ካድሄሪንን በሚያሳይ ቀለም ይመረመራል፤ በሕዋሶቹ ዳር ቀለም ካልታየ ሎቡላር መሆኑ ይገመታል። ከቡታጅራ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥጋው ወዲያው በ10 በመቶ ፎርማሊን ካልተነከረ ፕሮቲኑ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ የቀለሙ መጥፋት ከነቀርሳው ይሁን ከመንገዱ ለመለየት ያስቸግራል።